አይሻን ያሰረ ሰው

ስልኩ የተደወለው ከኪዳን ተመልሼ ነጠላዬን ሳጣጥፍ ነው። ታናሽ እህቴ ሰናይት ናት፣ ከድሬ ዳዋ። ስትደውል ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ ብርዱ ነው፤ አሁን የምኖርበት ደብረ ታቦር ድሬ ላደገ ሰው ዓመቱን ሙሉ ክረምት ነው። ያን ቀን ግን ስለ ብርዱ አልጠየቀችኝም።

«እትዬ፣ ጋሽ ሮብሌ አረፈ» አለችኝ። «ትናንት ቀበሩት። ከለቅሶው መመለሴ ነው።»

«ምን ሆኖ?»

«ስኳሩም ነበረበት፣ ዕድሜውም ሄዷል። ተኝቶ ነው ያለፈው አሉ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። «አላህ ይርሐመው» ማለትን ድሬ ውስጥ ክርስቲያኑም ያውቅበታል። ሠላሳ ዓመት ደጋ ስኖር ቃሉ ከአፌ ርቆ፣ ፈልጌ ነው ያልኩት።

ሰናይት ግን አልጨረሰችም። «ትልቋ ልጁ ሂንድ አለች አይደል? ሰው ሁሉ ደግነቱን ሲያወራ እሷ ምን አለች መሰለሽ? ‹አባታችንማ በገዛ ቀልዱ ነው ቤታችንን ያፈረሰው። በዚያ ዘመን «የታሰሩ» ብሎ በር ላይ የሚለጥፍ ሰው ምን ይባላል? እኔን ከትምህርት ቤት ያስቀረኝ እሱ ነው› አለች።»

ያን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ሮብሌ ሰባት ወር የታሰረው በእኔ እጅ ጽሕፈት ነው። ከንስሐ አባቴ በቀር ይህን ከአፌ የሰማ አልነበረም፤ ጋሽ ሮብሌም ለቤተሰቡ ሳይነግራቸው ሞተ። ልጆቹ እስከ ዛሬ አባታቸውን የሚቀየሙት በእኔ ጥፋት ነው። እጄም ዓይኔም ደክመዋል፤ ቢሆንም ልጻፈው።

ጊዜው የደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። ድሬ ዳዋ ከነበሩት ፋብሪካዎች በአንዱ፣ ስሙ ይቅር፣ የኮምፒዩተር ክፍል ተከፈተ ተባለና በጽሕፈት መኪና ፈጣን ነሽ ተብዬ ወደዚያ ተዛወርኩ። ኮምፒዩተር የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም። ቁም ሣጥን የሚያህል ብረት ነው። ከጎኑ ሁለት ዝቅ ያሉ ሣጥኖች አሉ፤ ዲስክ የሚገባው እነሱ ውስጥ ነው። የዚያን ጊዜው ዲስክ እንደ ዛሬው ኪስ ውስጥ የሚከተት አይምሰላችሁ፤ ሌማት ከነክዳኑ ያህላል፣ በሁለት እጅ ነው የሚያዘው። ስድስት ዲስክ ነበረን፤ ማስገቢያው ግን ሁለት ብቻ። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ አንዱን ማውጣት፣ ሌላውን ማስገባት ነው።

ክፍሉ ለማሽኑ ሲባል ይቀዘቅዛል። ውጭው እሳት ነው፤ ስለዚህ የፋብሪካው ሰው ሁሉ ሰበብ እየፈለገ ይመጣል። «እንዴት ዋላችሁ ልበላችሁ ብዬ ነው» ይልና ግድግዳውን ተደግፎ ላቡን ያደርቃል። ጋሽ ሮብሌ ማንንም አያባርርም፤ ጫማ ግን ያስወልቃል። አቧራ ዲስክ ይገድላል። ራሱ ቀድሞ በር ላይ ያወልቅና በካልሲ ይገባል።

«መስጊድ አደረግከው እኮ፣ አቦ!» ይሉታል።

«መስጊድ ብትገባማ ደግ ነበር። አውልቅ።»

የክፍሉ ኃላፊ ሌላ ሰው ነበር፤ ማሽኑን የሚያውቀው ግን ጋሽ ሮብሌ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ የሚሰማ ሰው ነበር። የዲስኩን ሣጥን ከመክፈቱ በፊት በጣቱ ሁለቴ ቆርቆር አድርጎ «ቤቶች?» ይላል፣ የሰው ቤት እንደሚገባ። አባቱ ባቡር ላይ ፉርጎ ለፉርጎ የሚያያይዝ ሠራተኛ ስለነበር ፈረንሳይኛውን ከባቡር ሰፈር ነው ያገኘው። እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት ይገፋዋል። አማርኛ እንደ ማንኛውም የድሬ ልጅ አቀላጥፎ ይናገራል፤ ፊደሉን ግን አልተማረውም። የፋብሪካው የፊርማ መዝገብ ላይ እንኳ ስሙን የሚያሰፍረው በፈረንሳይኛ ፊደል ነበር።

እኔን «አባዮ» ይለኛል፤ በሶማሊኛ «እህቴ» እንደማለት ነው። እኔም አንተ ነው የምለው፤ ድሬ ነዋ። ሥራ እንደጀመርኩ ሰሞን እናቴ «ታላቅሽ ነው፣ አንቱ በይው» ብላኝ አንድ ቀን «ደህና አደሩ?» ብለው፣ ዞር ብሎ ኋላውን አየ። «ከማን ጋር መጣሁ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልሞከርኩትም። ረቡዕና ዓርብ የማይጾም ሰው ምግብ ይዞ ሲገባ «እዚያ ማዶ ብላ፣ ልጅቷ ጾም ናት» ብሎ ይመልሰዋል። እሱ ደግሞ በዙሁር፣ በቀትር ሶላት ሰዓት፣ ካርቶኑን ከማሽኑ ጀርባ ሲያነጥፍ የሚጮኸውን የወረቀት ማተሚያ የማቆም ሥራ የእኔ ነው። ተነጋግረን ያደረግነው ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ቃሉ ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከቃሉ ነውና። ዲስኩን ሣጥኑ ውስጥ ማስገባት ብቻውን አይበቃም። ማሽኑ እንዲያውቀው በትእዛዝ ይነገረዋል። ፈረንጆቹ ይህን «ማውንት» ይሉታል። ኃላፊያችን «መጫን እንበለው» አለ። ጋሽ ሮብሌ አንገቱን ዘንበል አደረገ።

«በቅሎ ነው እንዴ የሚጫነው? ማሰር ነው እንጂ። ፉርጎ ሐዲድ ላይ ቆሞ ብታየው ምን ዋጋ አለው? ካልታሰረ ባቡሩ አያውቀውም፣ ትቶት ነው የሚሄደው።»

በዚያው ቀረ። ዲስክ ሲገባ ታሰረ፣ ሲወጣ ተፈታ አልን። ቁጥር ብንሰጣቸው በአራት ቋንቋ ስለምንቆጥር ተምታታብን፤ ስለዚህ የባቡር ጣቢያ ስም አወጣላቸው። ወደ ጅቡቲ በሚወስደው በኩል ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻና ደወሌ፤ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው ኤረርና ሚኤሶ። ከሁሉም የምትከበረው አይሻ ነበረች፤ የሠራተኛው ሁሉ የአገልግሎት ዘመን ያለው እሷ ላይ ነው። ክፍሉን የምታጸዳው አዴ ሃሊማ በየጠዋቱ መጥረጊያዋን ተደግፋ ትጠይቀዋለች፦

«ጋሽ ሮብሌ፣ ዛሬ ማንን አሰርክ?»

«አይሻን።»

«ምን አጠፋች ምስኪን?»

«ብዙ ታውቃለች።»

እንስቅ ነበር። በዚያ ዘመን በዚያ ቃል መሳቃችን ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል።

አይሻ የምትታሰረው ለንባብ ብቻ ነበር፤ ማሽኑ እንዲያነባት እንጂ እንዳይጽፍባት። አንድ ከሰዓት የሥራ ባልደረባችን ተስፋዬ ሙቀቱ አድክሞት ኖሮ፣ ሽንሌ መስላው መጻፍ ፈቅዶ አሰራት። የመጋዘን የጨርቅ ዝርዝር በሠራተኞቹ መዝገብ ላይ ተጻፈባት። የብዙ ሰው የሥራ ዘመን ጠፋ። ከድሮ ፋይል ላይ እየገለበጥን እንደገና ስናስገባ ስድስት ሳምንት ፈጀብን። አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ወሬውን ሰምተው መጡና በር ላይ ቆመው፣ «ልጆቼ፣ እኔ እዚህ ሠርቼ አላውቅም ማለት ነው?» አሉን። ጋሽ ሮብሌ ጫማቸውን ሳያስወልቅ አስገብቶ ወንበር ሰጣቸው።

ተስፋዬን አልተቆጣውም። «የተለጠፈውን ስም አይቶ ነው ያሰራት፤ መለጠፊያው ደግሞ ተሳስቷል። ወረቀት አትመኑ፤ ወረቀት የለጠፈው ሰው ነው። ማሽኑን ጠይቁ» አለን። ከዚያ ሦስት ቀን ከማሽኑ መመሪያ መጽሐፍና ከመዝገበ ቃላቱ ጋር ተቀመጠ።

ያደረገው ነገር እንዲህ ነው። ማሽኑ የትኛው ዲስክ የት እንደታሰረ፣ እንዴት ባለ ሁኔታ እንደታሰረ የሚመዘግብበት ሰንጠረዥ አለው። ብትጠይቁት ይዘረግፈዋል፤ ግን የማያስፈልገንም ብዙ ነገር አብሮ ይወጣል፣ የምንፈልገው መሃሉ ይጠፋል። ጋሽ ሮብሌ ትእዛዞቹን አሰለፋቸው። የመጀመሪያው ሰንጠረዡን ያስወጣል፤ ሁለተኛው ከዚያ ውስጥ የዲስኮቹን መስመር ይለቅማል፤ ሦስተኛው ከየመስመሩ ስሟን፣ ቦታዋንና ሁኔታዋን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ይጥላል። ሁኔታው የሚወጣው በሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ለንባብ ብቻ የታሰረች ከሆነች ፊደሎቹ ሲነበቡ «ሮ» ይላሉ። ይህን ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ አኖረና «ሼፍ» ብሎ ሰየመው፤ የባቡር ጣቢያ አለቃን ድሬ ሼፍ ነው የሚለው። የትኛው ባቡር የትኛው ሐዲድ ላይ እንደቆመ የሚያውቅ ሼፉ ነው። «ሼፍ» ብለን ጽፈን አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው፤ መልሱ ይመጣል። ከዚያ ወዲህ «ሼፍ ምን አለ?» ሳንል ዲስክ አንነካም ነበር። አንድም መዝገብ አልጠፋብንም።

ኃላፊያችን ደስ አለው። ደስ ሲለው ደግሞ መመሪያ ያወጣል። «ሼፍ የሚለው ነገር በአማርኛ ተጽፎ በየጠዋቱ በር ላይ ይለጠፍ፤ እንግሊዝኛ የማያነብ አለ» አለ። የእኔ ጽሕፈት ያምራል ይባል ነበር፤ የቄስ ትምህርት ቤት ጽሕፈት ነው። ስለዚህ ጋሽ ሮብሌ ሼፍ ያወጣውን ያነባል፣ እኔ እጽፋለሁ። የመጀመሪያ ቀን «የታሰሩ ዲስኮች» ብዬ ስጽፍ መስመሩ ከወረቀቱ ጠርዝ አልፎ ተጣመመብኝ። በሁለተኛው ቀን «የታሰሩ» ብዬ መሃል ላይ አሳምሬ አኖርኩት።

«ዲስክ የሚለው የት ሄደ?» አለኝ፣ የጎደለውን በርዝመቱ ለይቶ።

«እዚህ ዲስክ ካልሆነ ሌላ ምን ይታሰራል? እንዲህ ሲሆን ያምራል።»

«ብትጨምሪው ይሻላል፣ አባዮ።»

«ነገ እጨምራለሁ።» አልጨመርኩም። ውዳሴ ከንቱ የሚባለውን በመጽሐፍ አነበው ነበር፤ እኔ ዘንድ ሲመጣ ግን የፊደል ቅርፅ መስሎ ነው የመጣው።

ወረቀቱ ይህን ይመስል ነበር። «የታሰሩ፦ አይሻ፣ መጻፍ የተከለከለች። ሽንሌ፣ መጻፍ የተፈቀደላት። ያልታሰሩ፦ ኤረር፣ ሚኤሶ፣ አዲጋላ። ትናንት የተፈታች፦ ደወሌ።» ጋሽ ሮብሌ ይህንኑ ሼፍ ካወጣው ላይ በየጠዋቱ አዲስ አበባ ላለው ዋና መሥሪያ ቤት በስልክ ያነበዋል። እንግዲህ አስቡት። አይሻና ደወሌ ወደ ድንበሩ ያሉ ጣቢያዎች ናቸው። ከሶማሊያ ጋር የተደረገውን ጦርነት ያልረሳ ከተማ ነው። የሚያነበው ሰው ሶማሌ ነው። ማን እንደሰማ፣ ማን እንደነገረ አላውቅም፤ ማወቁም አሁን አይጠቅመኝም።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዎች ከኃላፊያችን ጋር ገቡ። ጋሽ ሮብሌ እንደ ልማዱ «ጫማችሁን ብታወልቁ...» ብሎ ጀመረ።

«ሮብሌ!» አለው ኃላፊው።

አጭሩ ሰውዬ ወረቀቱን ከበሩ ገንጥሎ ይዞታል። «ይህን የጻፈ ማነው?»

ብዕሩ እጄ ላይ ነበር። የዕለቱን ልጽፍ ባዶ ወረቀት ፊቴ አስቀምጫለሁ። የብዕሩን ክዳን ገጠምኩ። ያደረግኩት ይህን ብቻ ነው።

«እኔ ነኝ» አለ ጋሽ ሮብሌ።

«አይሻ ማነች?»

«ዲስክ ናት።»

«ሽንሌስ?»

«እሷም ዲስክ ናት።»

«ደወሌ የተባለችውን ማን ፈታት?»

«እኔ።»

«በማን ፈቃድ?»

ጋሽ ሮብሌ «ማሽኑን ጠይቁት» አለና ወንበሩን ስቦ «ሼፍ» ብሎ ጻፈ። ማተሚያው ሁለት መስመር አወጣ። ረጅሙ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ በጣቱ እየጠቆመ ቆጥሮ አነበበ። «አ...ይ...ሻ። ይቺውና። ሮ። ሮ ምንድን ነው?»

«ለንባብ ብቻ ማለት ነው።»

«ሮ ማለት ለንባብ ብቻ?»

«አዎ።»

«ስምህ ማነው?»

«ሮብሌ።»

ሰውዬው ቀና ብሎ ጓደኛውን አየው። «ሮ... ሮብሌ» አለ። ከዚያ ወዲያ የተባለው ነገር ሁሉ ከንቱ ነበር።

አጭሩ ወረቀቱን ሲያጣጥፍ እንደገና አየውና፣ «ጽሕፈትህ ግን ያምራል» አለው።

«ልፋት ነው» አለ ጋሽ ሮብሌ። ወደ እኔ አልዞረም።

እንሂድ ሲሉት «አንድ ደቂቃ፣ ዲስኮቹን ልፍታ። እንደታሰሩ መብራት ቢሄድ ይበላሻሉ» አለ።

«ከእንግዲህ የሚፈታ ካለ እኛ ነን የምንፈታው።»

ያኔ ነው የዞረው። «አባዮ፣ አይሻን ፍቻት» አለኝ። በር ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ሳይቸኩል አሰረና ወጣ። ትእዛዙን ሁለት ጊዜ ተሳስቼ በሦስተኛው ፈታኋት። ክፍሉ ውስጥ ኃላፊው፣ ተስፋዬና አዴ ሃሊማ ነበሩ። ሁሉም ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ ያውቃሉ። ሁሉም እሱ የአማርኛ ፊደል እንደማይጽፍ ያውቃሉ። ኃላፊው «አሰለፈች፣ ወደ ሥራሽ» አለኝ። ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ሰበብ አላበዛም፤ ፈራሁ። ሰባቱን ወር ሙሉ ከታዘዘው በላይ ጾምኩ፤ ሰገድኩ፤ ተሳልኩ። እሱ ሁሉ ቀላል ነበር። ከባዱ ሄዶ «ጽሕፈቱ የእኔ ነው» ማለት ነበር፤ እሱን አላደረግኩም። ሚስቱ ዘይነብ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት መቸርቸር ጀመረች። አንድ ቅዳሜ ልገዛ ስሄድ ሂንድን የትምህርት ቤት ቀሚሷን እንደለበሰች ከእናቷ ጎን ሚዛን ይዛ አየኋት። ዞሬ በሌላው በኩል ወጣሁ።

ጋሽ ሮብሌ የተፈታው፣ ማሽኑን የሚያውቅ ሰው ከአዲስ አበባ መጥቶ አስረድቶለት ነው ይባላል። ሲመለስ ግን ወደ ኮምፒዩተር ክፍል አላስገቡትም፤ መጋዘን በር ላይ አስቀመጡት። ሁለት ሳምንት ራሴን ሳደፋፍር ቆይቼ ሄድኩ። ከስቷል፤ አንገቱ ግን እንደ ዱሮው ዘንበል ብሏል።

«ጋሽ ሮብሌ፣ እኔ...»

«ሼፍ ይሠራል?» አለኝ አቋርጦ።

«ይሠራል።»

«አይሻ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ዲስክ የሚለውን ጨመርሽው?»

«ጨመርኩት።»

«ሀዬ» አለ፤ «እሺ» ማለቱ ነው። «በይ ሂጂ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ።»

ነገሩ በዚያው አለፈ። መንግሥት ተለወጠ፤ እኔም አግብቼ ወደዚህ መጣሁ። በየትንሣኤው በሰናይት በኩል «አባዮን እንኳን አደረሰሽ በያት» ሳይለኝ የቀረበት ዓመት የለም። ንስሐ አባቴ ኃጢአቴን ሰምተው፣ «ለእግዚአብሔር ነግረሻል፤ ለሰውየው ቤት ግን አልነገርሽም» አሉኝ። መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ጉልበቴ ሲሻለኝ እያልኩ እሱ አረፈ።

ከለቅሶው በሦስተኛው ቀን ከሰናይት ስልክ ተቀብዬ ሂንድ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። አላቋረጠችኝም፤ ስጨርስ በጣም በትሕትና፣ «እትዬ አሰለፈች፣ አላህ ይስጥሽ። ለቅሶ ላይ ሰው ሟቹን ለማወደስ ብዙ ይላል። አባቴ ራሱ ለመርማሪዎቹ ‹ጽፌያለሁ› ብሎ ፈርሟል፤ እናቴ በዓይኗ አይታለች» አለችኝ። አላመነችኝም። አልፈርድባትም፤ ሠላሳ ዓመት ዝም ያለ ሰው በአንድ ስልክ አይታመንም።

ስለዚህ የምለምነው ያን ሐሙስ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ የነበራችሁትን ነው። ተስፋዬ፣ ድሬ ነህ አሉኝ። አዴ ሃሊማ፣ በሕይወት ካለሽ ልጆችሽ ያንብቡልሽ። ኃላፊያችን የነበርክም፣ ያለህበትን አላውቅም፤ ግን አይተሃል። ሁላችንም አንድ ላይ ዝም ብለናልና ማንንም አልወቅስም። ሂንድ ቤት ሂዱልኝ። አባቷ አማርኛ ፊደል ጽፎ እንደማያውቅ ንገሯት። የፊርማ መዝገቡ ላይ በምን ፊደል እንደሚፈርም ንገሯት። «ታዲያ ወረቀቱን ማን ጻፈው?» ብላ ትጠይቃችኋለች። እኔን ለመጠበቅ ብላችሁ ቃላችሁን አታለስልሱ፤ ስሜን ከነአባቴ ስም ጥሩላት።